ሳይሰረዝ የቀረው መስመር

ለመሆኑ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ የሠራች ልጅ ላይ እንዴት ተደርጎ ዜሮ ይጻፋል? ማንን ልጠይቅ? ትምህርት ቤቱ እንደሆነ አስተማሪ የለውም። ተማሪ ተማሪን ያርማል፣ ማርክም ይሰጣል፤ አሠራራቸው ይኸው ነው። የዛሬ ጠዋቱን ዜሮ የሰጠው ደግሞ የማላውቀው ሰው ቢሆን ምናለበት? አሁን በሬ ላይ ቆሟል፤ ከላይ ፎቅ የምትኖረው የመናና ልጅ፣ አንወር።

"ሰላም ላላ ቱሪያ። ጊዝላን አለች?" ዜሮ ሰጥቶም፣ እመቤቴ እንደማለት፣ ላላ ይለኛል።

"ከገደልካት በኋላ የት ትሄዳለች? ግባ እንጂ፤ በር ላይ የምትገተረው ጎረቤት እንዲያዝንልህ ነው?"

ጫማውን አውልቆ ይገባል። የልጅ ልጄ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፍራሹ ጥግ ተቀምጣለች። ቀና አትልም። እኔም ተቀመጥ አልለውም፤ እንግዳን አቁሜ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

"እስቲ አስረዳኝ። ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ትእዛዝ፣ ሲ በምትሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ውስጥ ድሮም ተሠርቶ ተቀምጧል። እሱን ሳትነኩ የራሳችሁን ሥሩ ተባላችሁ። ለምን እንደሆነ አላህ ይወቀው። እሺ፣ ሠራች! ክፍት በተተወው ቦታ ቁጥር ሲሰጡት ቁጥሩን፣ ስም ሲሰጡት ስሙን እየሰካ ያወጣል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ 'ቱሪያ፣ ዕድሜ 71' ብሎ ጽፎልኛል። ታዲያ የሚሠራ ነገር ዜሮ ያገኛል?"

"ይሠራል ላላ። እንዲያውም ከኔ የሷ ያምራል።"

"እና?"

"አንድ ቦታ ላይ የተከለከለው፣ ያ ድሮ የተሠራው ትእዛዝ ተጠርቷል። አንድ መስመር ላይ።"

"ከስንት መስመር?"

"ከአራት መቶ ምናምን።"

"ለአንድ መስመር ብለህ! እናትህ ሆስፒታል ስትተኛ አርባ ቀን ሙሉ ከማን ሳህን ነበር የምትበላው? እስቲ ዓይንህን ጨፈን ብታደርግ ምን ትሆን ነበር?"

አንገቱን ይደፋል። እኔ ግን አልጨረስኩም።

"ሰኞ ጠዋት ቀኗ እንደሚያልቅ ታውቃለህ። እስከዚያ ካላለፈች ያሰናብቷታል። ከዚያማ ካዛብላንካ ተመልሳ ለፈረንሳይ ኩባንያ የደንበኛ ስልክ ልታነሳ ነው። ስሟን ሶፊ ብለውላት፣ በቀን ለዘጠኝ ሰዓት የፈረንሳዮችን ስድብ ስትሰማ ልትውል! እዚያ እያለች ፀጉሯ በእፍኝ ይረግፍ ነበር። ትራሷን የማራግፈው እኔ ነበርኩ፣ አንተ አይደለህም።"

"ላላ፣ ከኛ በኋላ የትምህርት ቤቱ ማረሚያ ማሽን ያነበዋል። እኔ ባልፈው እሱ አያልፈውም። የኔ ዜሮ ዜሮ ብቻ ነው፤ አርማ ዛሬውኑ መልሳ ማስገባት ትችላለች። ማሽኑ ካገኘው ግን አጭበርባሪ ነው የምትባለው፤ ያኔ ሰኞንም አይጠብቋትም። ነገ እሑድ ቢሆንም የሚያርሙላት ልጆች ለምኜ አግኝቻለሁ። ይህን ልነግራት ነው የመጣሁት።"

"አሃ! ለካ ዜሮው ስጦታ ነው! ልጄ፣ ተነሺና አመስግኚው እንጂ!"

"እማማ፣ ተይው" ትላለች ጊዝላን። "ልክ ነው ያደረገው።"

"ምኑ ነው ልክ? አንቺ እኮ የመርፌ ቀዳዳ የማያመልጥሽ ልጅ ነሽ። ያንን መስመር ማን ነው እዚያ የከተተው?"

"እኔ ነኛ። የኔ የሚያወጣውንና ዋናው የሚያወጣውን ጎን ለጎን ለማየት ነው ያስገባሁት። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንሠራው። ከማስረከብ በፊት ይሰረዛል።"

"ታዲያ ለምን አልሰረዝሽውም?"

አንወር ጎንበስ ብሎ ስክሪኗን ያያል።

"ያስረከብሽው ትናንት፣ ልክ ከጁምዓ ሶላት መልስ ነው" ይላል፣ ምንም ክፋት ሳይኖረው። "ምን አስቸኮለሽ? ገና ሦስት ቀን ነበረሽ እኮ።"

ትናንት። ኩስኩሱ ወጥቶ፣ ዱባውና ሽምብራው ከላዩ ተደርድሮ፣ የቤቱ ወንዶች ከመስጊድ ገብተው በትልቁ ሳህን ዙሪያ ተቀምጠው። እኔ ከጊዝላን ራስ በላይ ቆሜ። "ሁለት ደቂቃ እማማ፣ አንድ ነገር ላጥፋ ብቻ" ነበር ያለችው። "የዓርብ ኩስኩስ ማንንም አይጠብቅም! እህል ከቀመስሽ ስንት ቀንሽ ነው? ወይ ላኪውና ተገላገይ፣ ወይ አሁን እዘጋዋለሁ" ያልኩት እኔ ነኝ። እጄ የኮምፒውተሩ ክዳን ላይ ነበር። ስትልከው አይቻለሁ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሦስት ማንኪያ በላች፣ እኔም ደስ አለኝ።

ጊዝላን አሁን አንዴ ታየኛለች። ከዚያ ወደ አንወር ትዞራለች።

"እንዲሁ ቸኮልኩ" ትለዋለች።

ቁጣዬ እንዳለ ነው፤ የማሳርፍበት ሰው ግን አጣሁ። እኔ ነኝ ልለው እፈልጋለሁ። ምላሴ እንቢ ይላል።

"ወደ ትምህርት ቤት ታክሲ ልያዝ" ብሎ አንወር ቀድሞ ይወርዳል።

ጊዝላን ተነሥታ ኮምፒውተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ታስገባለች፣ ጫማዋን ታጠልቃለች። የግራው ማሰሪያ እንደተፈታ ነው። የኛ ደረጃ ጠባብ ነው፣ አምፖሉም ከተቃጠለ ሰንብቷል። ማሰሪያሽን እሰሪ ልላት አፌን እከፍታለሁ፤ የትናንቱ ትዝ ይለኝና መልሼ እዘጋዋለሁ። ትወጣለች፤ ማሰሪያዋ ደረጃ በደረጃ እየተጎተተ ይከተላታል።