ሳይነጋ

ጋሽ ሰቦቃ ስልካቸውን ከመሐረብ ፈትተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። የጎሮው እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሩዋንዳ ሰፈር ባለው ቢሮዋ የእድሩን አፕ የሠራችው ደግሞ ዕፀገነት ናት። አፑ የአንዲት ሟች ዕረፍት ኅዳር አሥራ ሦስት ነው ብሎ፣ አርባዋንም ከዚያ ቆጥሮ፣ ለሦስት መቶ አባላት መልእክት ሊልክ ተዘጋጅቷል። ከጎን የሚሠራው ፎቅ ጩኸት ጋብ እስኪል ጠበቁና «በሚካኤል ነው ያረፈችው፣ በአሥራ ሁለት» አሉ።

ዕፀገነት መዝገቡን ከፈተች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ይላል። አፑ ቀድሞ ይህን በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ የጠዋት ሁለት እያደረገ ያነበው ነበር፤ ስህተቱን ለማረም ሁለት ቀን ፈጅቶባታል። አሁን በትክክል ያነባል። «ጋሼ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ እኮ ቀኑ ተቀይሯል» አለች በትሕትና። «የእርስዎም ስልክ እንደዚያ ነው የሚቆጥረው።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ከሟቿ ስም ላይ አላነሱም። ስክሪኑ ሊጠፋ ሲል ነካ እያደረጉ ያበሩታል። «እጇን ይዤ ነበር» አሉ። «እስኪነጋ አልለቀቅኳትም። ሳይነጋ እንዴት ሌላ ቀን ይሆናል፣ ልጄ?»

ዕፀገነት ከጣታቸው በታች ያለውን መስመር አሁን ገና አነበበችው፤ «ደሪቱ፣ የአባል ሰቦቃ ባለቤት» ይላል። ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ቀን የሚቀይረውን ስድስት ሰዓት ከኮዱ ላይ አጠፋችው። ክፍት ቦታው ላይ ምን እንደምትጽፍ ግን ራሷ መወሰን አልፈለገችም።

«ስንት ሰዓት ላይ ነጋ፣ ጋሼ?»

ስክሪኑን አንዴ ነካ አደረጉት።

«ለሰዉ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነግቷል» አሉ።