የዘለላት እናት

በላቸው ራኬብን ዘለላት።

«ሰልሞን ቦዔዝን ወለደ» ብሎ አነበበ፤ «ከራኬብ» የሚለውን ትቶ። ትዕማርንም ቅድም እንዲሁ አልፏት ነበር፤ የነቃበት የለም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የግብረ ገብ መምህሩ በላቸው ከፊታውራሪ ክንዱ አዳራሽ ለሰፈሩ ሰው ወንጌል ያስተምራል። ለዛሬ ማርቆስን አሰናድቶ ነበር። ፊታውራሪ ግን «ከማቴዎስ ጀምርልን፤ አጥንት ከሚቆጠርበት» አሉ። አጥንት ይወዳሉ። ልጃቸውን ሐረገወይንን እንዲድሩለት በላቸው ለላካቸው ሽማግሌዎችም መልሱን ዛሬ፣ ከትምህርቱ በኋላ እሰጣለሁ ብለዋል።

በአባቱ በኩል ሰባት ቤት ቆጥሮላቸዋል፤ ካህን በካህን ነው። በእናቱ በኩል «የአዘዞ ሰው ናት» ብሎ ተሻግሯል። በጣሊያን ጊዜ ጠላ ሸጣ እንዳሳደገችው ሽማግሌዎቹም አያውቁም። ያችው እናቱ ባንቺአየሁ ዛሬ ሳትጠራ መጥታ፣ ልጇ ሲያስተምር ልትሰማ ከበሩ ጥግ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች።

«ቆይ እስቲ፣ መምህር» አሉ ፊታውራሪ። «እኔም በልጅነቴ ደግሜዋለሁ እኮ! ሰልሞን ቦዔዝን የወለደው ከማን ነው? ብቻውን አምጦ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። በላቸው ጣቱን ከዘለለው ቃል ላይ መለሰ።

«ከራኬብ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሷስ የማን ልጅ ናት?»

«አባቷ አልተጻፈም። ከኢያሪኮ... እንግዳ የምታሳድር ሴት ነበረች።»

«ምነው ታሽሞነሙናታለህ፣ ጠላ ሻጭ በላት እንጂ!» አለ ቀልደኛው አድማሴ ከኋላ። ሳቁ እንደገና ፈላ። በላቸው ወደ በሩ ማየት ፈራ።

«ታዲያ እንዲህ ያለችቱ ምን ሠርታ ከጌታ ዘር ገባች?» አሉ ፊታውራሪ።

«የኢያሱን ሰላዮች ሸሸገች። ወታደር ቤቷን ሲፈትሽ ከጣራው ላይ በተልባ አገዳ ከድና...»

ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመሸሸግ ወሬ አይጥማቸውም፤ እርሳቸው ለስለላ አዘዞ ገብተው፣ በጣሊያን ሲከበቡ ጦሩን በጎራዴ ሰንጥቀው እንደወጡ አዳራሹ በየበዓሉ ሲሰማ የኖረው ነው።

«ይሁን» አሉ። «ጌታም በእናት ከተቆጠረ አንተም አትቀርም። እናትህ ማን ትባላለች?»

«ሞታለች» ሊል ከንፈሩ ተላቀቀ። ያን ጊዜ ከበሩ ጥግ አንዲት ሴት፣ ልጇን ላለማሳፈር ጎንበስ ብላ ልትወጣ ስትነሳ አየ።

«ባንቺአየሁ» አለ፤ ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «ጠላ ሻጭ ናት። ያቻት፣ ከበሩ።»

አንገት ሁሉ ዞረ። ባንቺአየሁ አንድ እግሯ ደጅ፣ አንድ እግሯ ቤት እንደሆነ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና ለፊታውራሪ እጅ ነሳች።

«እንደምን ሰነበቱ፣ ጌታዬ? ጣሊያን ሲፈልግዎት ከባዶው ጋኔ ከትቼዎት ያደሩ ለታ ወገብዎ አልቃና ብሎ ነበር። አሁንስ ሸጋ ሆነዋል።»

አድማሴ እንኳ አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ የጋብቻውን መልስ ይጠብቃሉ። ፊታውራሪ ጋቢያቸውን ቀስ እያሉ ሳቡት፤ መጀመሪያ አገጫቸውን ሸፈነ፣ ቀጥሎ አፍንጫቸውን፣ ከዚያ እስከ ዓይናቸው።