ስምንተኛው ምት

ብረት በያጇ ልጇን ፊተኛው ወንበር ላይ ስታይ ክው አለች። ትልቁ ቀለበት የተሰቀለው ልክ ከልጅቱ አናት በላይ ነው።

ወንድሟ የሠራው ቅርጽ ትናንት ነው ከአዳራሹ ጣሪያ የተሰቀለው። ሰባት ከባድ የብረት ቀለበቶች እየዞሩ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ መዶሻ፤ መዶሻው የሚመታው አንድ የሞተ ኮከብ ሲሽከረከር በሚሰጠው ምት ልክ ነው። አንዱ ይጣደፋል፣ ሌላው እንደ ሽማግሌ ይንቀራፈፋል።

የዛሬ ሳምንት፣ ሥራው ሲያጣድፋት፣ የትልቁን ቀለበት ማንጠልጠያ ዝገቱን ሳትሞርድ በይዳ ቀለም ቀባችበት። ዝገት ላይ የተበየደ ብረት እንደማይጸና ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ዘበኛው በሩን በትከሻው እየገፋ ነው። «እስከ ትናንት በአንድ ጣት ነበር የምዘጋው። ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ፣ መቃኑን ከላይ የሆነ ነገር የተጫነው ይመስል እንደ በቅሎ ገገመብኝ።»

አልሰማችውም። ምቶቹን እየቆጠረች ነበር። ስድስት፣ ሰባት። ከዚያ አንድ ቀጭን «ቀጭ»።

«ወንድሜ፣ አንድ ትርፍ ድምፅ አለ።»

«እትዬ ደግሞ! ከመቼ ወዲህ ነው ሙዚቃ አዋቂ የሆንሽው?»

«ቀጭ» አለ እንደገና።

«ውጡ!» ብላ ጮኸች። «ሁላችሁም ውጡ! ብየዳውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሊወድቅ ነው!»

ሰው ተጋፍቶ ወጣ። ወንድሟ ሞተሩን አጠፋና ፊቱ ከሰል መስሎ መሰላል ላይ ወጣ። ማንጠልጠያውን በመዶሻ ደበደበው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተንጠለጠለበት። ንቅንቅ አላለም።

«በማግስቱ አስፈርሼ በሌላ ሰው አስበይጄዋለሁ» አላት ከላይ ሆኖ። «ዝገቱን ስትሸፍኚው አይቼሻለሁ። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ዝም አልኩ። ለካ አንቺ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ኖሯል!»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሐፍረት ይሁን እፎይታ ለራሷም አልለየላትም። እንግዶቹን በር ላይ ቆማ «ይቅርታ፣ ግቡ፣ ምንም የለም፣ ግቡ» እያለች አንድ በአንድ መለሰቻቸው። ልጇንም እጇን ይዛ ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«እማዬ፣ አንቺ ፈሪ!» አለች ልጅቱ። አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያም ቀለበቶቹ እስኪዞሩ ጸጥ ብሎ ጠበቀ።

ወንድሟ ሞተሩን ሊያስነሳ ገና ወደ ማብሪያው እየተራመደ ነበር፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከማንጠልጠያው ሳይሆን ቀለበቶቹን ከተሸከመው ከጣሪያው ከራሱ፦ ቀጭ።