እህት ሠርክ ማይኩን ስትይዝ

«ጌታ ይባረክ፤ ስሜ ሠርክ ይባላል» ከማለቷ ድምፅ ማጉያው «ጥጥጥ ጥጥጥ ድርርር» ብሎ አዳራሹን አናወጠው። ሠርክ ማይኩን እንደሚናከስ ነገር ከአፏ አራቀችው።

የድምፅ ማሽኑን ሊቆጣጠር አጠገቡ የተቀመጠው ክብረት ወዲያው ገባው። ወንበሩ ላይ በሰቀለው ጃኬት ኪስ ውስጥ፣ ከማጉያው ሁለት ስንዝር እንኳ ሳይርቅ፣ የሚሠራበት የስልክ ኩባንያ የሰጠው ሞባይል አለ። መጥሪያውን ዘጋው እንጂ ስልኩን አላጠፋውም። ሞምባሳ መንገድ ላይ አዲስ የተተከለው የአንቴና ምሰሶ ዛሬ ሥራ ስለሚጀምር አለቃው ሊደውል ይችላል። ሞባይል ደግሞ ሲደወልለት አጠገቡ ያለውን ማጉያ እንዲህ ያስጮኸዋል። ናይሮቢ ውስጥ ሞባይል የያዘ ሰው ገና በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከክብረት በቀር አልነበረም።

«ወንድም ክብረት፣ ምንድን ነው?» አሉ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ጋሽ ዓምደሚካኤል።

እዚህ ላይ «ይቅርታ፣ የኔ ስልክ ነው» ቢል ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ግን ባለፈው እሁድ ነጋዴው ታዲዮስ ስልኩ ቢጮህበት፣ በዚሁ ማይክ «የጌታ ቤት ገበያ አይደለም!» ብሎ ሕዝብ ፊት የገሠጸው ማን ሆነና? ታዲዮስ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያየዋል።

«ሽቦው ይሆናል» አለ ክብረት። ጎንበስ ብሎ ደህናውን ሽቦ ነቀለና በሌላ ደህና ሽቦ ቀየረው። እግረ መንገዱን ስልኩን ሊያጠፋ እጁን ወደ ጃኬቱ ሲሰድ፣ ጋሽ ዓምደሚካኤል አጠገቡ ቆመው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ያዩታል። ተወው።

ሠርክ እንደገና ጀመረች። ከአገር ከወጣች ስምንት ወሯ ነው። እናቷ ጠንቋይ ቤት ያዘወትሩ ነበር የሚለው ወሬ ግን ከሷ ቀድሞ እዚህ ኢስትሊ ሰፈር ገብቷል። ያስጠጓት እትዬ ዓይናለምም ቁርጡን ነግረዋታል፤ ዛሬ መስክራ ለጥምቀት ካልተቀበሏት፣ ልጆቻቸው ከሷ ጋር አንድ ክፍል አያድሩም።

«እናቴ በሕይወት ሳለች...» አለች።

ጥጥጥ ጥጥጥ ድርርር።

ሰዉ ተንጫጫ። «ሽቦው ተቀይሮ የለም እንዴ?» አለ አንዱ።

«እንግዲያ ከሽቦው አይደለማ» አሉ ጋሽ ዓምደሚካኤል በቀስታ። ፊታቸው ላይ ክፋት የለም፤ ከልባቸው አዝነውላታል። «ተነሡ፣ እንጸልይላት።»

ከበቧት። እጅ በእጅ ላይ ተደራርቦ ራሷ ላይ አረፈ። «በኢየሱስ ስም ውጣ!» ሲባል የቆርቆሮው ጣራ አብሮ ይጮኻል። የክብረት አለቃም በቀላሉ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም፤ ደጋግሞ ይደውላል። በደወለ ቁጥር ማጉያው ይንጣጣል፤ በተንጣጣ ቁጥር ጸሎቱ ይብሳል።

ስልኩ ለምን እንዲህ እንደሚበረታ ክብረት ያውቃል። ምሰሶው ሲርቀውና ቆርቆሮ ሲጋርደው፣ ስልክ ገደል ማዶ እንደቆመ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ነው የሚጣራው። ምሰሶው የራቀውስ በማን ሆነና! የአንቴናዎቹን ፊት ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ወደ ዌስትላንድስ አዙሮ፣ «ኢስትሊ ገዢ የለም» ብሎ ካርታው ላይ ባዶ የተወው እሱ ራሱ ነው። ሦስት ዓመት ተጠልሎ የኖረበትን ሰፈር።

ጩኸቱ ሲደምቅ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና የስልኩን ቁልፍ ተጭኖ ያዘ። ሞባይል ሲጠፋ ለምሰሶው የስንብት መልእክት ይልካል። ማጉያው ለመጨረሻ ጊዜ «ጥጥጥ!» አለና ጸጥ አለ።

«ጮኾ ወጣ! ሃሌ ሉያ!»

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ታዲዮስ ሳይቀር ያለቅሳል። ክብረት እንደዛሬ አፍሮ አያውቅም። ጆሮው ድረስ ጋለ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እልልታው ይብረድና እናገራለሁ አለ በልቡ። ደግሞም፣ አለ ወዲያው፣ አሁን እኮ ሁሉም ወደዋት የለም እንዴ፤ ምን ጎደለባት?

ሠርክ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ፊቷ በላብና በእንባ ርሶ ወደ ማሽኑ መጣች። ማይኩን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ወንድም ክብረት» አለችው በሹክሹክታ፤ «አንተ የተማርክ ሰው ነህ። እኔ ምንም አልታወቀኝም እኮ። እውነቱን ንገረኝ፣ ከማሽኑ ነው ወይስ ከኔ?»

የሚላትን ሁሉ ልታምን ዓይኗን ዓይኑ ላይ ተክላ ቆመች። ከኋላዋ እትዬ ዓይናለም እንባቸውን እየጠረጉ ፈገግ ብለዋል። ታዲዮስም ያያል።

«ማሽኑ ምንም የለበትም» አለ ክብረት።

ሠርክ ራሷን ነቀነቀች። ቀስ ብላ ተመልሳ፣ ማንም ሳያዛት ሕዝቡ ፊት ተንበረከከች።

«እንግዲህ ነበረብኝ ማለት ነው» ብላ ጀመረች። «ከልጅነቴም ሳይኖርብኝ አይቀርም። እናቴ ትሆናለች ያወረሰችኝ...» ድምጿ እየሰለለ ሄደ።

«አይሰማም! ሃይሲኪኪ!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ በአማርኛም በስዋሂሊም።

ሰዉ ሁሉ ወደ ክብረት ዞረ። ክብረትም እጁን ዘርግቶ የማጉያውን ድምፅ ከፍ አደረገላት።