የሰው ላፕቶፕ

እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ታክሲው ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆሟል። እናቴ የልብሱን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንግታ በሩን ይዛለች። ወንድሜ ግን ትራሱን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቀጥሎ ምን ይላል?» ይለኛል።

ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ነው። የእኛ አይደለም፤ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ናት ያመጣችው። ከፋብሪካው ጀምሮ ተጭነውበት የመጡ፣ ማንም ያልጠየቃቸው ፕሮግራሞች በላይ በላይ እየተከፈቱ አላሠራ አሏት። ወንድሜ እንዲህ ያለውን እዚሁ መኝታ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ነው የሚሠራው። ከትናንት ወዲህ ጣቶቹ አብጠው ማውስ አይጨብጡም። ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ትንፋሹ እያጠረ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንለው፣ «የሰው ዕቃ እጄ ላይ እያለ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለ። ልናነሳው ስንሞክር አልጋውን ይዞ ጮኸ። ስለዚህ እሱ ያዛል፣ እኔ እጫናለሁ።

«የካርታ ጨዋታ» እለዋለሁ።

«ይውጣ።»

አጥፋ የሚለውን እጫናለሁ። ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል።

«ነፍስ ይማር» ይላል። ሲያጠፋ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ደንበኞቹ ይስቁለታል።

እኔ ወደ ቀጣዩ ስም እወርዳለሁ።

«አሜን በይ እንጂ እታለም። ያለ ለቀስተኛ ይቀበር?»

«አሜን።»

«በሞቴ ልጄ፣ ተነስ» ትላለች እናቴ። «ሰውዬው ጥሎን ይሄዳል።»

«አንድ ነው የቀረው፣ እማዬ።»

አንዱ የአየር ሁኔታ የሚናገረው ነው። አጥፋ የሚለው ደብዝዟል፤ ብጫነው ብጫነው አይሰማኝም።

«እሱ አብሮ የተሰፋ ነው፣ በልመና አይወጣም» ይላል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ያስከፍተኛል። ፊደል በፊደል ይነግረኛል፣ በየሦስት ፊደሉ አየር እየሳበ። አንዱን እስታለሁ። ሳይቆጣ ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል። ላፕቶፑ ጠፍቶ ይበራል።

ጥግ ላይ ትንሽ ፀሐይ ብቅ ትላለች። «ነገ ብራ ነው» ይላል ጽሑፉ።

«ወጣ?»

«ተመልሷል።»

«አይ ጉድ! እኔ ነኝ ግትር ስል።» ሊስቅ ፈልጎ ሳል ይሆንበታል። «በይ፣ እንደገና።»

እንደገና እንጽፋለን። አሁን በየፊደሉ ነው የሚያርፈው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሁለቴ አፉን ከፍቶ ፊደሉ አልወጣለት ይላል፤ እኔም የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ልረዳው አልችልም። እናቴ ቦርሳውን አስቀምጣ እግሩን ጫማ ውስጥ ልታስገባለት ትታገላለች። ጫማው እንቢ ሲላት በካልሲው ትተወዋለች።

ላፕቶፑ ይበራል። ፀሐይዋ እዚያው ናት።

«ወጣ?»

አንገቱን ቀና አድርጎ ሊያይ ይሞክራል። ራሱ ተመልሶ ትራሱ ላይ ይወድቃል።

«ወጣ» እለዋለሁ።

ዓይኑን ይገልጣል። ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየው፣ ረጅም ጊዜ።

«ነፍስ ይማር» ይላል።

«አሜን።»

ያኔ ክንዱን ይዘረጋልኛል። ላፕቶፑን ከድኜ ጠረጴዛው ላይ አደርገውና በብብቱ ሥር እገባለሁ፤ እናቴ በወዲያ በኩል። በካልሲው፣ አንድ አንድ እያለ፣ ከቤት ይወጣል።

በማግስቱ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ለቅሶ ደረሰች። ላፕቶፑን አምጥቼ ሰጠኋት። ሳትከፍተው፣ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ይዛው፣ ከለቀስተኛው መሃል እስኪመሽ ተቀመጠች።