ሰማያዊ ፕላስተር

ቴክኒሻኑ የተከሰከሰ በረዶ ከውሃ ጋር በብርጭቆ አማስሎ የክትባት ማቀዝቀዣውን ሴንሰር ነከረበት። አዲሱ የሙቀት መለኪያ ከተተከለ ሳምንቱ ነበር። ሴንሰሩን ሲሰኩበት መሰኪያው ውስጥ የተቀመጠውን የሴንሰሩን መረጃ አንብቦ፣ ሰው ሳይነካው ራሱን ያስተካክላል ተብሎለታል። ሃያ ዓመት በእጁ ሲያስተካክል ለኖረ ሰው ይህ አልዋጥለት አለ። «ሳይነግሩት አውቃለሁ የሚል ጠንቋይ ነው» ይል ነበር። በረዶ ግን አይዋሽም፤ እየቀለጠ ያለ በረዶ ዜሮ ነው።

መለኪያው አራት አለ።

«አላልኩሽም!» አለ ደረቱን ነፍቶ ወደ ክፍል ኃላፊዋ እየዞረ። «ሳምንቱን ሙሉ አራት ዲግሪ ነው እያለ ሲሸነግለን ከረመ። ክትባቱ እኮ በረዶ ሆኗል! ከዚህ ጉደኛ ጋር አንድ ቀን አላድርም!»

ኃላፊዋ መሰኪያውን ነቅላ ገለበጠችው። አንገቱ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። «ጋሼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ መሰኪያ የዚህ ሴንሰር ነው? መለኪያው የሚያነበው እሱ የያዘውን ብቻ ነው እኮ።»

ቴክኒሻኑ ፕላስተሩን አየው። አምና ሽቦውን አይጥ ስትበላው፣ ከተጣለ ሌላ ሴንሰር ላይ መሰኪያ ቆርጦ ቀጥሎት ነበር፤ መሰኪያ ያው መሰኪያ ነው ብሎ። አሮጌው መለኪያ መረጃ ስለማያነብ ነገሩ ተድበስብሶ አለፈ። በመሥሪያ ቤቱ ሰማያዊ ፕላስተር የሚጠቀም ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጥቅልሉ አሁንም ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እጁ ሳያዘው ገብቶ ጭምቅ አድርጎ ያዘው።