ቶምቦ የተናገረ ዕለት

በማሶአላ ጫካ ግርጌ የሚኖረው ሽማግሌው ቶምቦ ወሬ አይወድም። ሚስቱ ዛፊሶአ፣ «የባሌን ድምፅ የሚያውቀው ዶሮው ብቻ ነው፤ ያውም እሽ ሲለው» እያለች በመንደሩ ታስቅበታለች። እሱም አብሮ ይስቃል። መልስ ከመስጠት መሳቅ ይቀላል።

ከቫኒላው ማሳ ጀርባ አንድ የዞጲ ዛፍ አለው። እትብቱ የተቀበረው ከሥሩ ነው፤ ከሱ በኋላም ለልጅ ልጆቹ እንዲቆም ይመኛል። የቀሩትን ዞጲዎች እንጨት ቆራጮች ወደ ወደቡ ጭነው ጨርሰዋቸዋል። ይኼ የተረፈው ቶምቦ ጀግና ሆኖ አይደለም፤ ስለ ዛፉ ለማንም ስላልተነፈሰ ነው።

አንድ ረፋድ፣ ዛፊሶአ ከድስቱ ሥር በተቃጠለው ሩዝ ላይ የሚጠጣ ውሃ እያፈላች ሳለ፣ ቦት ጫማ ያደረገ እንግዳ መጣ። በእጁ ቀይ ቀለም ይዟል። ቆራጮቹም ሊጥሉት ያሰቡትን ዛፍ ቀይ ይቀቡት ነበር።

«አባባ፣ ይኼ ዛፍ ዞጲ ነው አሉኝ» አለ ከማሳው ጀርባ ወዳለው ዛፍ እየጠቆመ።

ቶምቦ ክው አለ።

«ዞጲ? ማን ነው ያላገጠብህ?» አለ። ከዚያ አፉ አልዘጋ አለው። «የማይረባ ዛፍ ነው! ጥላው እንኳ ያስነጥሳል። አባቴ አጥር ቢያጥርበት በሰበሰ። አጎቴ ወንበር ሠርቶበት ከነሚስቱ ወደቀ!»

አጎት ኖሮት አያውቅም። ዛፊሶአ ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እርግጠኛ ነዎት? ዞጲ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ቢሆን ደስታዬ ነው።»

‘ደስታህማ ነው!’ አለ ቶምቦ በሆዱ። ገጀራውን አንሥቶ ወደ ግንዱ ተጠጋ። የዞጲ ጥቁሩ ልቡ ነው፤ ዳር ዳሩ ነጭ ነው። አንዴ ቀነጠበውና ጥቁሩ ጋ ሳይደርስ እጁን ሰበሰበ።

«ይኸው፣ እንደ ካሳቫ ነጭ!»

እንግዳው የተቀነጠበውን በጣቱ ዳበሰ። ከዛፉ ይልቅ የሱ ፊት ጠቆረ። የቀለሙን ክዳን ሳይከፍት ቁልቁለቱን ወረደ።

ቶምቦ ደረቱን ነፋ። «አየሽ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያለው ሰው ምንም አያውቅም!»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ይኼን ምላስ እኔን ስታጭ የት ደብቀኸው ነበር?»

ሁለቱም ሳቃቸውን ሳይጨርሱ፣ እንግዳው ከታች ወደቆመው ማሽን ሲጮኽ ተሰማ፦

«ዞጲ አይደለም! እሱን ለማትረፍ መንገዱን ማዞሩ ቀርቷል፤ ዶዘሩን በዚሁ ንዳው!»